ሲቢጂን ለእናትሽ ከመስጠትሽ በፊት

ሰላም እህቴ። «ጓደኛዬ ሲቢጂ የሚባል የሄምፕ ዘይት ሰጠችኝ፤ ጉልበታቸውን ለሚያማቸው እናቴ ልስጣቸው? ከአሺሽ ጋርስ አንድ ነው?» ብለሻል። እኔ እዚህ አሜሪካ፣ ሜሪላንድ አራት ወር ያህል ወስጄዋለሁ፤ ያየሁትን ልንገርሽ።

አያሰክርም። ሄምፕ የሚባለው ተክል ቲኤችሲው አነስተኛ የሆነ ካናቢስ ነው፤ የሚያሰክረው ቲኤችሲ የሚባለው ንጥረ ነገር ነው፤ ሲቢጂ ደግሞ ሌላው የካናቢስ ንጥረ ነገር ነው። ሲቢጂን እ.ኤ.አ. በ1964 እነ ፕሮፌሰር ራፋኤል መሹላም እስራኤል ውስጥ ለይተው አወጡት። ተክሉ እያደገ ሲሄድ የሲቢጂ መነሻ የሆነው አሲድ ወደ ቲኤችሲና ሲቢዲ (ሌላው የማያሰክር የካናቢስ ንጥረ ነገር) መነሻዎች ስለሚለወጥ፣ በደረሰ ተክል ላይ ብዙ ጊዜ ከ1 በመቶ በታች ነው የሚገኘው። ዋጋው የሚወደደውም ለዚህ ነው።

እኔ የጀመርኩት በሥራ ጭንቀት ነው። ማታ ማታ ጥርሴን ነክሼ፣ ትከሻዬ ድንጋይ ሆኖ ነበር የምተኛው። 20 ሚሊግራም ከምላሴ ሥር አደርጋለሁ፤ ይመራል፣ ሣር ሣር ይላል። አንድ ሰዓት ሳይሞላ መንጋጋዬ ላላ ይልልኛል። የወገቤን ህመም ግን ምንም አላደረገልኝም።

እ.ኤ.አ. በ2024 የወጣ የዋሽንግተን ስቴት ዩኒቨርሲቲ ጥናትም ይኸው 20 ሚሊግራም በ34 ሰዎች ላይ ጭንቀት እንደቀነሰ አሳይቷል። ግን ሰዎቹ ጥቂት ናቸው፤ ሁሉም ካናቢስ የለመዱ ነበሩ። ለጉልበት ይሠራል የሚያሰኝ በቂ ማስረጃ የለም። የአሜሪካ የምግብና የመድኃኒት ተቆጣጣሪ መሥሪያ ቤት ኤፍዲኤም መድኃኒት ብሎ አላጸደቀውም።

መጀመሪያ የገዛሁትን ጠርሙስ ኮዱን በስልኬ ሳነሳው የላብራቶሪው ወረቀት ወጣ። ወረቀቱ ላይ ያለው የምርት ቁጥርና ጠርሙሱ ላይ ያለው አይገናኙም! ሻጩን ብጠይቅ መልስ የለም፤ ጣልኩት። አንቺም ቁጥሩን አስተያዪ፤ ቲኤችሲው ከ0.3 በመቶ እንዳይበልጥ እዪ።

ከሁሉ በላይ የሚያሳስበኝ የእናትሽ መድኃኒት ነው። ደም ማቅጠኛ ይወስዳሉ? ወንድሙ ሲቢዲ ዋርፋሪን የሚባለውን ደም ማቅጠኛ ኃይል እንደሚጨምር ይታወቃል፤ ደም መፍሰስ ሊያመጣ ይችላል። እባክሽ ጠርሙሱንና የመድኃኒቶቻቸውን ዝርዝር ይዘሽ ፋርማሲስት ጋ ሂጂ። አንዲት ጠብታ እንኳ ከዚያ በፊት አትስጪያቸው።

ቤት ውስጥ ትራክ የሚነዳ ካለም አይንካው። ባለቤቴ አይነካውም። ዘይቱ ውስጥ ያለች ትንሽ ቲኤችሲ ለሾፌሮች በሚደረገው የሽንት ምርመራ ላይ ከወጣች «የሄምፕ ዘይት ነው የወሰድኩት» ማለት መንጃ ፈቃድ አያተርፍም።

እናትሽ በዱባይ በኩል ወደ አዲስ አበባ የሚመለሱ ከሆነም ሻንጣቸውን ራስሽ ፈትሺ። ካናቢስ በሁለቱም አገር ክልክል ነው፤ ጠርሙሱ እዚሁ ይቅር።