ከእድሩ ደብተር የተማርኩት፦ ሶፍትዌር ለሚሠሩ ወጣቶች

ውድ ወጣቶች፣

ሶፍትዌር በመሥራት ከሃያ አምስት ዓመታት በላይ ኖሬአለሁ። ከሠራኋቸው ሥራዎች ሁሉ አዘውትሬ የማስታውሰው ግን ተሠርቶ ካለቀ በኋላ ማንም ያልፈለገውን ነው፤ ከእናንተም መካከል እንዲህ ባለ ሥራ ላይ ሌሊቱን የሚያነጋ ሊኖር ስለሚችል ታሪኩን ሳልደብቅ ልጽፍላችሁ ወሰንኩ።

በ2005 ዓ.ም. ከሁለት ባልደረቦቼ ጋር ለእድሮች የሚሆን የመዝገብ ፕሮግራም መሥራት ጀመርን። አባቴ ለብዙ ዓመታት የሰፈራችን እድር ጸሐፊ ስለነበሩ፣ ወር በገባ በመጀመሪያው እሑድ ያን ወፍራም ደብተር ዘርግተው መዋጮ ሲመዘግቡ፣ ማታም ሒሳቡን ሲደምሩ ሲያመሹ እያየሁ ነው ያደግኩት። ስለዚህ ችግሩን አውቀዋለሁ ብዬ አመንኩ። ሥራው አሥራ አራት ወር ፈጀ፤ ያጠራቀምነውም ገንዘብ አብሮ አለቀ። ፕሮግራሙ መዋጮ ይመዘግባል፣ የዘገየውን አባል ቅጣት ራሱ ያሰላል፣ የዓመቱን ገቢና ወጪ በሠንጠረዥ ያወጣል።

አስቀድማችሁ ሰው አልጠየቃችሁም ወይ ትሉኝ ይሆናል። ጠይቀናል። ወደ አሥራ አንድ እድሮች ሄደን «እንዲህ ያለ ነገር ቢሠራላችሁ ትጠቀሙበታላችሁ?» ስንል ሁሉም «እንዴታ! በርቱ ልጆቼ» ብለው መርቀው ሸኙን፤ እኛም ምርቃቱን እንደ ውል ቆጠርነው። ደጁ ድረስ ደክሞ የመጣን ልጅ «አያስፈልገንም» ብሎ መመለስ ለአንድ ትልቅ ሰው ምን ያህል ከባድ እንደሆነ በይሉኝታ ያደግን እኛ ልንዘነጋው አይገባንም ነበር። ወደፊት ስለሚሆን ነገር የጠየቃችሁት ሰው ሊያስደስታችሁ ይመልሳል፤ ባለፈው ሳምንት ምን እንዳደረገ ስትጠይቁት ግን የሆነውን ይነግራችኋል።

ፕሮግራሙን ለሦስት እድሮች በነጻ አስገባንላቸው። ከስድስት ወር በኋላ ስንመለስ በሁለቱ ኮምፒውተሩ ጨርቅ ለብሶ ተቀምጧል፤ በሦስተኛው ጸሐፊው በደብተር የጻፉትን ልጃቸው ማታ ወደ ኮምፒውተር ትገለብጣለች። ድካማቸውን ልናቀል ሄደን እጥፍ አድርገንባቸው ነበር።

ከሁሉ ያሳዘነኝ የቅጣቱ ጉዳይ ነው። አንዲት እናት ልጃቸው ታሞባቸው ሦስት ወር ሳይከፍሉ ቀርተው ነበርና ፕሮግራማችን ቅጣታቸውን አስልቶ በቀይ ጻፈው። የእድሩ ዳኛ ግን ቤታቸውን ስለሚያውቁ ማንም ሳይሰማ ሊያልፏቸው ነበር ያሰቡት። በደብተሩ ላይ ለዚህ አንዲት መስመር መሰረዝ ይበቃል፤ እኛ ግን ቅጣት የሚያሰላ እንጂ ምሕረት የሚቀበል ቦታ አላበጀንም ነበር። ቢያንስ አንድ እሑድ ሙሉ ከእነርሱ ጋር ተቀምጠን ቢሆን ኖሮ ይህን እናይ ነበር።

በመጨረሻ መጀመሪያ ልጠይቃቸው የሚገባኝን አባቴን ጠየቅኩ። «ሒሳቡስ ሥራዬ ነው፤ የሚያስቸግረኝ ሌላ ነው» አሉኝና ደብተሩን ገልብጠው የመጨረሻውን ገጽ አሳዩኝ። ገጹ የስልክ ቁጥሮች ዝርዝር ነበር፤ ተሰርዞ ተደልዞ በላዩ ላይ ተጽፎበታል። ብዙዎቹ አባላት ሰፈሩ ሲፈርስ ወደ ኮንዶሚኒየም ስለሄዱ የእድሩ ጥሩምባ አይደርሳቸውም፤ አባቴም ሰው በሞተ ሌሊት መነጽራቸውን አድርገው አንድ በአንድ ይደውሉ ነበር። እኔ የፊቱን ገጾች ስመለከት ኖሬ የኋላውን አንድም ቀን ገልጬ አላውቅም። ሰው በራሱ እጅ ያበጀው እንዲህ ያለ ጊዜያዊ መላ ከየትኛውም መጠይቅ ይልቅ ችግሩን ያሳያልና ስትሄዱ እርሱን ፈልጉ።

በስልክ ገንዘብ የሚላክበት የኬንያው ኤም-ፔሳም ታሪክ ከዚህ የራቀ አይደለም። በአውሮፓውያን አቆጣጠር በ2005 ሙከራው ሲጀመር የታሰበው አነስተኛ ብድር የወሰዱ ሰዎች ዕዳቸውን በስልክ እንዲከፍሉ ነበር፤ ሰዎቹ ግን ገንዘቡን እርስ በርስ መላላክ ያዙ። ሠሪዎቹ ይህን አይተው በ2007 ለሕዝብ ሲያቀርቡት የመጀመሪያ ማስታወቂያቸውን ወደ ቤተሰብ ገንዘብ በመላክ ላይ አደረጉት። እነርሱ ተጠቃሚው ከዕቅዳቸው ሲወጣ ተከተሉት፤ እኛ ግን ወደ ዕቅዳችን ልንመልሰው ተጨማሪ ሥልጠና ሰጠን።

አዲሱን ሥራ የጨረስነው በሁለት ሳምንት ነው። አንድ አጭር መልእክት ሲጻፍ ከኮምፒውተሩ ጋር በተያያዘ ተራ ሞደም አማካኝነት ለአባላቱ በሙሉ ይደርሳል፤ ሌላ ምንም አይሠራም። ለማንም አላስተዋወቅነውም። ከሦስት ለቅሶ በኋላ የአጎራባቹ እድር ጸሐፊ ሳንጠራቸው፣ የአባሎቻቸውን ስልክ በወረቀት ጽፈው ይዘው አባቴ ቤት መጡ።