ከጂፕሰም ግድግዳ ላይ መደርደሪያ ከነፊሸሩ ሲነቀል

ጥያቄው እንዲህ የሚል ነው፦ «የክፍሌ ግድግዳ ጂፕሰም ቦርድ ነው። ርዝመቱ 80፣ ስፋቱ 25 ሳንቲ ሜትር የሆነ የመጽሐፍ መደርደሪያ በሁለት ትንንሽ መደገፊያዎች፣ በ8 ቁጥር የፕላስቲክ ፊሸርና በአራት ቪቴ ሰቅዬ ነበር። ሦስት ሳምንት ቆይቶ ከነፊሸሩ ተነቅሎ ወደቀ፤ ቀዳዳዎቹም ሰፍተዋል። ተለቅ ያለ ፊሸር ልክተትበት ወይስ ቀዳዳውን በእስታኮ ሞልቼ እዚያው ልብሳው? እዚሁ ግድግዳ ላይ ቴሌቪዥንም ልሰቅል አስቤያለሁ።»

ሁለቱንም አያድርጉ። ፊሸሩ የተነቀለው ስላነሰ ሳይሆን ለዚህ ግድግዳ ስላልተሠራ ነው። ተራው የፕላስቲክ ፊሸር የኮንክሪትና የጡብ ነው፤ ቪቴው ሲገባበት ይነፋና የቀዳዳውን ጎን ይገፋል፣ ኮንክሪቱ አልበገርም ብሎ መልሶ ይጨምቀዋል፤ የሚይዘው በዚያ መጨማመቅ ነው። ጂፕሰም ቦርድ ግን በሁለት ወረቀት መካከል ያለ የጄሶ ንጣፍ ስለሆነ ሲገፉት ይደቃል። ውፍረቱም አብዛኛውን ጊዜ 12.5 ሚሊ ሜትር ነው። ስለዚህ 40 ሚሊ ሜትር ርዝመት ካለው ፊሸር ቦርዱን የሚነካው ሢሶው ብቻ ነው፤ የቀረው ከኋላ ባዶ ቦታ ላይ ተንጠልጥሏል። ፊሸሩን ማተለቅ የደቀቀውን ቀዳዳ ማስፋት ነው። እስታኮ ሞልቶ መብሳትም ያው ነው፦ የደረቀ እስታኮ ከጄሶው የባሰ ፍርፍር ከመሆኑም በላይ ዙሪያውን የሚይዘው ወረቀት የለም። የቦርዱ ጉልበት ደግሞ በአብዛኛው ያለው ወረቀቱ ላይ ነው።

መደርደሪያው ሦስት ሳምንት ቆይቶ የወደቀበትን ምክንያት ለማየት ትንሽ ሒሳብ እንሥራ። አንድ ሜትር የመጽሐፍ ረድፍ እንደ መጽሐፎቹ መጠን ከ20 እስከ 35 ኪሎ ይመዝናል። የእርስዎን መጽሐፍ 20፣ ጣውላውን 4፣ በድምሩ 24 ኪሎ እንበል። መደርደሪያው 25 ሳንቲ ሜትር ስለሚወጣ የክብደቱ መሐል ከግድግዳው 12.5 ሳንቲ ሜትር ይርቃል። ክብደቱ ወደ ታች ብቻ አይጫንም፤ መደገፊያውን በታችኛው ጫፉ ላይ ያዞርና የላይኛውን ቪቴ ወደ ውጭ ይስበዋል። ከላይኛው ቪቴ እስከ መደገፊያው ታችኛ ጫፍ ያለው ርቀት 6 ሳንቲ ሜትር ከሆነ፣ 24 በ12.5 ተባዝቶ ለ6 ሲካፈል 50 ኪሎ ስበት ይሆናል፤ ለሁለቱ የላይ ቪቴዎች 25፣ 25 ኪሎ ማለት ነው። ይኸው ርቀት 20 ሳንቲ ሜትር ቢሆን ጠቅላላው ስበት ወደ 15 ኪሎ ወርዶ ለአንዱ ቪቴ 7.5 ይደርሰው ነበር። ክብደቱ ያው፣ ግድግዳው ያው፤ የተለወጠው የመደገፊያው ቁመት ብቻ ነው። ስለዚህ ከፊሸሩ በፊት ቁመቱ ረዘም ያለ መደገፊያ ይግዙ። አጭሩን ይዘው ምንም ዓይነት ፊሸር ቢቀያይሩ ሙግቱ ከ50 ኪሎው ጋር ነው።

ቀጥሎ የሚፈለገው ቋሚው ነው። ቦርዱ የታሰረው በእንጨት ሞራሌ ወይም በቀጭን የብረት ፕሮፋይል ላይ ሲሆን ቋሚዎቹ ከመሐል እስከ መሐል አብዛኛውን ጊዜ 40 ወይም 60 ሳንቲ ሜትር ይራራቃሉ። ትንሽ ጠንካራ ማግኔት በክር አንጠልጥለው ግድግዳውን እያስነኩ ቀስ ብለው ያንሸራትቱ፤ በእስታኮ የተሸፈነ የቦርድ ቪቴ ጋ ሲደርስ ልጥፍ ይላል። አንድ ማግኘት አይበቃም። ከላይና ከታች በአንድ ቀጥ ያለ መስመር ሦስት ካገኙ ቋሚው እዚያ ነው። ከዚያ 40 ወይም 60 ለክተው ቀጣዩን ያረጋግጡ።

ለማረጋገጥ መደገፊያው በሚሸፍነው ቦታ ላይ በ2 ሚሊ ሜትር ፑንታ ይብሱና ፑንታው ላይ የሚወጣውን ይዩ። ነጭ ዱቄት ብቻ ወጥቶ ፑንታው ድንገት ወደ ውስጥ ሸርተት ካለ ባዶ ነው። ከነጩ ቀጥሎ የእንጨት ብናኝ ከመጣ ሞራሌ ነው። ፑንታው ቆም ብሎ ከጮኸና የሚያብረቀርቅ የብረት ፍቅፋቂ ካወጣ ፕሮፋይል ነው። ከሶኬትና ከማብሪያ ማጥፊያ በቀጥታ ወደ ላይ፣ ወደ ታችና ወደ ጎን ባለው መስመር ላይ ግን አይብሱ፤ ገመድ የሚያልፈው በዚያ ነው። የክፍሉን መብራት ከብሬከሩ ያጥፉ፣ ፑንታው ላይ 2 ሳንቲ ሜትር ላይ ቴፕ ጠቅልለው ከዚያ በላይ አያስገቡ። በውኃ መስመር አጠገብ ደግሞ ጭራሽ ቦታ ቢቀይሩ ይሻላል።

የእርስዎ መደርደሪያ 80 ሳንቲ ሜትር መሆኑ ይረዳዎታል። ቋሚዎቹ በ60 ከተራራቁ ሁለቱ መደገፊያዎች ቋሚዎቹ ላይ ያርፉና ጣውላው በግራና በቀኝ 10፣ 10 ሳንቲ ሜትር ይተርፋል። በ40 ከሆኑም በየጎኑ 20 ይተርፋል፤ ይህም ይሠራል። መደርደሪያው ሁለት እጅ ወደ ቀኝ ቢሄድ ዓይን አይቀየመውም፤ ቋሚ ላይ ማረፉ ግን ከየትኛውም ፊሸር ይበልጣል።

ቋሚው ሞራሌ ከሆነ ፊሸር አያስፈልግም። 5 ሚሊ ሜትር ውፍረት፣ 60 ሚሊ ሜትር ርዝመት ያለው የእንጨት ቪቴ ይበቃል፦ 3 ለመደገፊያው፣ 12.5 ለቦርዱ፣ ከ40 የማያንሰው ለእንጨቱ። በ3 ሚሊ ሜትር ፑንታ አስቀድመው ይብሱ፤ አለበለዚያ ሞራሌው ይሰነጠቃል። ጥቁሩን የቦርድ ቪቴ ለዚህ አይጠቀሙ። ቦርድን ከቋሚ ጋር ለማሰር የተሠራ ደረቅ ብረት ስለሆነ ከጎን ሲጫኑት ሳይጎብጥ አንገቱ ላይ ቀጭ ይላል።

የብረት ፕሮፋይል ከሆነ ጥንቃቄ ይፈልጋል። ብዙው ከ0.5 እስከ 0.6 ሚሊ ሜትር ቆርቆሮ ነው፤ ቪቴ የሚይዘው በአንድ ጥርስ ያህል ስለሆነ ጥቂት ካጠበቁት ይበላና ባዶውን ይሽከረከራል። ለሥዕል ፍሬም ይበቃል፣ ለመጽሐፍ አይበቃም። ለከባድ ነገር ቦርዱንም ቆርቆሮውንም አብሮ በስቶ ከኋላ የሚያርፍ ባለ መስቀለኛ ብረት ፊሸር (አገባቡን ከታች እነግርዎታለሁ) ማስገባት ነው። መጀመሪያ በ4 ሚሊ ሜትር፣ ቀጥሎ በፊሸሩ ልክ ባለ የብረት ፑንታ ይብሱ፤ መስቀለኛውን ብረት በፕሮፋይሉ ውስጥ ወደ ላይና ወደ ታች እንዲቆም አድርገው ያስገቡት። ጎን ለጎን ካደረጉት የፕሮፋይሉ ጎን ያግደዋል።

ቋሚ በሌለበት ቦታ ግዴታ መስቀል ካለብዎ፣ የፊሸሮቹ ልዩነት የሚመጣው እዚህ ነው። ባለ ትልልቅ ጥርሱ፣ ራሱ እየበሳ በካቻቪቴ የሚገባው ፊሸር ለቀላል ነገር ጥሩ ነው፤ ፍሬም፣ የግድግዳ ሰዓት፣ ትንሽ መስታወት። በአንዱ ከ5 ኪሎ በላይ አልጭንበትም፤ የሚይዘው ያንኑ ጄሶ ነውና። በድሪል በኃይል ካስገቡት ጥርሱ ጄሶውን ዱቄት አድርጎት ያርፋል፤ በእጅ ያስገቡት፤ አንገቱ ከወረቀቱ ጋር እኩል ሲሆን ይተውት።

ለመደርደሪያ የሚሆኑት ከቦርዱ ኋላ የሚከፈቱት ሁለቱ ናቸው።

አንደኛው ሲጠብቅ እግሮቹ እንደ ጃንጥላ ታጥፈው ከኋላ የሚያርፉት የብረት ፊሸር ነው። ከመግዛትዎ በፊት የቦርዱን ውፍረት ይወቁ፤ እያንዳንዱ መጠን የሚሠራው ለተወሰነ ውፍረት ነውና። ቀጭን ሽቦ ጫፉን ቆልምመው በበሱት ቀዳዳ ያስገቡ፣ ከኋላ እስኪይዝ ይሳቡት፣ ከፊት በጥፍርዎ ያዙና አውጥተው ይለኩ። ድርብ ቦርድ ከሆነ 25 ሚሊ ሜትር ያገኛሉ፤ ለ12.5 የተሠራው ፊሸር እዚያ እግሩን የሚዘረጋበት ቦታ የለውም። ቀዳዳው ማሸጊያው ላይ በተጻፈው ልክ ይሁን፤ ለኤም 5 (ብሎኑ 5 ሚሊ ሜትር ውፍረት ላለው) ብዙ ጊዜ 10 ሚሊ ሜትር ነው። ድሪሉ የመዶሻ ምት ካለው ያጥፉት፤ ምቱ የኋላውን ወረቀት ቦድሶ ይጥለዋል፣ ፊሸሩ የሚያርፈው ደግሞ እዚያው ላይ ነው። ፊሸሩን አስገብተው የአንገቱን ትንንሽ ጥርሶች ወረቀቱ ውስጥ በመዶሻ ቀስ ብለው ያስይዙ፤ አብሮ እንዳይሽከረከር የሚያደርጉት እነሱ ናቸው። የራሱ መሳቢያ ፒንሳ ካለ በእሱ፣ ከሌለ በካቻቪቴ ያጥብቁ። መጀመሪያ ይላላል፣ ቀጥሎ እግሮቹ ሲታጠፉ ክብድ ይላል፣ ከዚያ ድንገት ድርቅ ይላል። እዚያ ላይ ያቁሙ። አንድ ዙር ብጨምር ያሉ እንደሆነ እግሮቹ ቦርዱን ከኋላ ይደቁሱታል፤ ከፊት ግን ምንም አይታይም።

ሁለተኛው፣ ለእርስዎ የምመርጠው፣ በሁለት የፕላስቲክ ማሰሪያ የሚገባው መስቀለኛ ብረት ነው። 13 ሚሊ ሜትር ገደማ ቀዳዳ ይፈልጋል። ብረቱን ከማሰሪያው ጋር አስተኝተው ያስገቡ፣ ከኋላ ሲያልፍ ማሰሪያውን ወደ ራስዎ ይሳቡ፣ ብረቱ ተጋድሞ ቦርዱን ይይዛል። ማሰሪያው ላይ ያለውን ቀለበት እስከ ግድግዳው ገፍተው የተረፈውን ማሰሪያ ከሥሩ ይስበሩ። ብሎኑ በመደገፊያው አልፎ የሚገባው ከዚያ በኋላ ነው፤ ቢያወጡት እንኳ ብረቱ ከቦታው አይሄድም። በሞላ (በስፕሪንግ) የሚከፈት ባለ ክንፉ ዓይነት ግን ብሎኑ ከወጣ ክንፉ ግድግዳው ውስጥ ይወድቃል፤ ስለዚህ ብሎኑን መጀመሪያ በመደገፊያው አሳልፈው ነው ክንፉን የሚገጥሙት። የብሎኑ ርዝመት መደገፊያው ሲደመር ቦርዱ ሲደመር 2 ሳንቲ ሜትር ያህል ይሁን። በጣም ከረዘመ ከወዲያ ያለውን ቦርድ ይገፋል እንጂ መደገፊያውን አያጠብቅም። የመደገፊያው ቀዳዳ ከብሎኑ ራስ ከሰፋ ሮንዴላ ያስገቡ። እነዚህ ፊሸሮች ከቦርዱ ኋላ 5 ሳንቲ ሜትር ያህል ባዶ ቦታ ይፈልጋሉ። ቦርዱ ጡብ ወይም ኮንክሪት ላይ የተለጠፈ ሆኖ ከኋላው ጥቂት ክፍተት ብቻ ካለ ግን እነሱን ትተው፣ ቦርዱንና ክፍተቱን አልፎ ግንቡ ውስጥ 5 ሳንቲ ሜትር የሚገባ ረጅም ፊሸር ይጠቀሙ።

ማሸጊያው ላይ «80 ኪሎ» የሚል ቁጥር ቢያዩ፣ ብዙ ጊዜ አዲስና ደረቅ ቦርድ እስኪሰበር ተጭኖ የተገኘ መጠን ነው። ሩቡን ብቻ ይቁጠሩ። ወደ ታች የሚችለውና ወደ ውጭ ሲሳብ የሚችለውም አንድ አይደለም፤ ለመደርደሪያ የሚያስፈልግዎ ሁለተኛው ነው። እርጥበት የነካው ቦርድ ላይ ደግሞ የትኛውንም ቁጥር አይመኑ።

ወደ ቴሌቪዥኑ ልምጣ። 15 ኪሎ የሚመዝነው ቴሌቪዥን በማይንቀሳቀስ መስቀያ ከግድግዳው 5 ሳንቲ ሜትር ብቻ ቢርቅ፣ የመስቀያው ቁመት 20 ሳንቲ ሜትር ሆኖ፣ ወደ ውጭ የሚስበው 4 ኪሎ እንኳ አይሞላም። አራት መስቀለኛ ፊሸር በሚገባ ይችለዋል። ያንኑ ቴሌቪዥን 50 ሳንቲ ሜትር በሚዘረጋ ክንድ ላይ ሲሰቅሉት ግን ስበቱ 37.5 ኪሎ ይደርሳል፤ ክንዱ በታጠፈና በተዘረጋ ቁጥርም ቦርዱ ይወዘወዛል። ተዘርጊ ክንድን ባዶ ቦርድ ላይ በምንም ፊሸር አልሰቅልም። 18 ሚሊ ሜትር ኮምፔርሳቶ ሁለት ቋሚዎችን እንዲሻገር ቆርጠው ቋሚዎቹ ላይ ይሰሩት፣ መስቀያውን ኮምፔርሳቶው ላይ። ቴሌቪዥኑ ስለሚሸፍነው ቀለም ቢቀቡት አይታይም።

የቀሩት የሰፉት ቀዳዳዎች ናቸው። ከ13 ሚሊ ሜትር ስለሰፉ የአዲሱ ፊሸር ቀለበት አይሸፍናቸውም፤ መደገፊያውን ከእነሱ ቢያንስ 10 ሳንቲ ሜትር ያርቁና ይድፈኗቸው። የፈረሰውን በ10 በ10 ሳንቲ ሜትር አራት ማዕዘን አስተካክለው ይቁረጡ። 20 ሳንቲ ሜትር ርዝመት ያለው ቁራጭ ጣውላ ከኋላ አስገብተው ከላይና ከታች በቦርድ ቪቴ ይሰሩት፣ በልኩ የተቆረጠ ቦርድ ጣውላው ላይ ይሰሩ፣ መጋጠሚያውን በመረብ ቴፕ ሸፍነው እስታኮ ሁለት ጊዜ ይቀቡ፤ የመጀመሪያው በደንብ ሳይደርቅ ሁለተኛውን አይደርቡ። በብርጭቆ ወረቀት አለስልሰው ቀለም።

መደርደሪያው ከቆመ በኋላ መጽሐፎቹን በአንድ ቀን አይጫኑ። ግማሹን ጭነው ሁለት ቀን ያቆዩትና በመደገፊያው የላይኛ ጫፍና በግድግዳው መካከል አንድ ወረቀት ለማስገባት ይሞክሩ። ከገባ የላይኛው ፊሸር መሳብ ጀምሯል ማለት ነው፤ ብሎኑን ለማጥበቅ አይታገሉ፣ መጽሐፎቹን ያውርዱና ፊሸሩን አውጥተው የቦርዱን ኋላ ይፈትሹ።