ቬጋስ ላይ የሶላር ስራ ያዋጣል ወይ ላልከው ወንድማችን

ሰላም ወንድሜ። እኔም እንጀራዬ ከዚሁ ስራ ስለሆነ ጥያቄህን ዝም ብዬ ማለፍ አልቻልኩም። ኡበር መንዳት ሰልችቶህ ሁለት የሶላር ስራ ቀርቦልሃል። አንዱ ጣሪያ ላይ ፓኔል መግጠም ነው፣ ክፍያው በፓኔል ቁጥር፣ በ1099፣ ማለትም እንደ ቅጥር ሰራተኛ ሳይሆን እንደ ግል ኮንትራክተር። ሌላው ቤት ለቤት እየዞሩ መሸጥ፣ ኮሚሽን ብቻ። የቱ ይሻላል አልክ። እኔ ሁለቱንም በቀረቡልህ መልክ አትቀበላቸው ባይ ነኝ። ሶላር ውስጥ ግን ግባ።

የሽያጩን ቶሎ ልጨርሰው። ቤቱ ላይ ሶላር የሚገዛ ሰው ከፌደራል ታክስ ያገኝ የነበረው የወጪው 30 በመቶ ቅናሽ በ2025 መጨረሻ ቆሟል። ያ ቅናሽ እያለም ኮሚሽን ብቻ ይዞ ቤተሰብ ማስተዳደር ከባድ ነበር። ብዙ ቦታ ገንዘቡ የሚገባልህ ደንበኛው ሲፈርም ሳይሆን ሲገጠምለት ነው፣ እሱ መሃል ላይ ሃሳቡን ከቀየረ ልፋትህ ቀረ። ደግሞ መጀመሪያ የምትሄደው የምታውቃቸው ሰዎች ጋ ነው። እንግሊዝኛ በደንብ የማያነቡ እናቶቻችንን የ25 ዓመት ውል ማስፈረም እኔ ህሊናዬ አይቀበለውም።

የጣሪያው ስራ ክቡር ስራ ነው። ችግሩ አከፋፈሉ ላይ ነው። በፓኔል ሲከፈልህ ጥሩ ቀን ላይ እጅህ ይሞላል። ግን ዕቃ እስኪመጣ የጠበቅክበት፣ ከተማው ኢንስፔክሽን ጥሎት ተመልሰህ ያስተካከልክበት፣ ጣሪያው አፈሰሰ ተብሎ የተጠራህበት ሰዓት ሁሉ ነጻ ነው። 1099 ስትሆን ደግሞ 15.3 በመቶውን የሶሻል ሴኩሪቲና የሜዲኬር ታክስ ሙሉውን አንተ ትከፍላለህ። ከሁሉ የሚብሰው፣ ብትወድቅ የስራ ላይ ጉዳት ኢንሹራንስ አይመለከትህም ሊሉህ ይችላሉ። አብሮኝ የሚሰራ ልጅ ከመሰላል ወድቆ እጁ ተሰብሮ፣ ካምፓኒው የኛ ሰራተኛ አይደለም ብሎ ቢሉን ራሱ ተሸከመው። እስካሁን ሳስበው ያናድደኛል።

ይህን ደግሞ እወቅ። መግቢያ ሰዓትህን እነሱ የሚወስኑ፣ ዕቃውንም መኪናውንም እነሱ የሚያመጡ፣ የት እንደምትሄድ እነሱ የሚያዙህ ከሆነ 1099 ስለተባልክ ብቻ ኮንትራክተር አትሆንም። በፓኔል የሚከፈለው ሰራተኛም ቢሆን በሳምንት ከ40 ሰዓት በላይ ሲሰራ ኦቨርታይም ይገባዋል። ስለዚህ በደብልዩ-2፣ ማለትም እንደ ቅጥር ሰራተኛ፣ በሰዓት ክፈሉኝ በላቸው። እምቢ ካሉ ተዋቸው፣ በሰዓት የሚከፍል ሌላ ታገኛለህ።

አሁን ወደ ዋናው ነገር ልምጣ። የመንግስት የስራ ስታቲስቲክስ ቢሮ ባወጣው መሰረት በ2024 የሶላር ኢንስታለር መካከለኛ ደሞዝ በአገር ደረጃ በዓመት 51,860 ዶላር ነበር። የኤሌክትሪሽያን 62,350። አንድ ሳይት ላይ፣ አንድ ፀሐይ እየመታቸው፣ ፓኔል የሚያስረውና ሽቦ የሚያገናኘው እኩል አያገኙም። ፓኔል ማሰር በአጭር ጊዜ ይለመዳል፣ ስለዚህ በቀላሉ ትተካለህ። ሽቦው ግን ትምህርትና ወረቀት ይጠይቃል።

ኔቫዳ ውስጥ ደግሞ የቤት ጣሪያ ስራ በአንድ ውሳኔ ሊገለበጥ ይችላል። በ2015 መጨረሻ የመብራት ታሪፍ የሚወስነው የስቴቱ የዩቲሊቲ ኮሚሽን የሶላር ባለቤቶች ለግሪድ (ለዋናው የመብራት መስመር) ለሚመልሱት መብራት የሚታሰብላቸውን ቀንሶ ወርሃዊ ክፍያውን ጨመረባቸው። በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ሶላርሲቲ የሚባለው ትልቅ የሶላር ካምፓኒ ከ550 በላይ ሰራተኞች እንደሚቀንስ አስታወቀ። እኔ የነበርኩበት ትንሽ ካምፓኒም ሰው ቀነሰ፣ ብዙዎቻችን ወደ ታክሲና ካዚኖ ተመለስን። በ2017 ሌላ ህግ ወጥቶ ስራው ነፍስ ዘራ፣ ግን የተበተነው ሰው ሁሉ አልተመለሰም።

እኔ ከዚያ በኋላ ፊቴን ወደ በረሃው አዞርኩ። ቦልደር ሲቲ ሜዳው ላይ፣ ሞአፓ አካባቢ፣ በI-15 ወደ ሰሜን ስትወጣ ያለው ባለ 690 ሜጋዋቱ ጀሚናይ፣ እነዚህ ትልልቅ የሶላር ጣቢያዎች ሲገነቡ ብዙ ሰው ይፈልጋሉ። በ2022 በወጣው ህግ መሰረት 1 ሜጋዋትና ከዚያ በላይ የሆነ ፕሮጀክት ሙሉውን የታክስ ጥቅም እንዲያገኝ ከተፈለገ በአካባቢው የተወሰነውን ደሞዝ መክፈልና አፕሬንቲስ፣ ማለትም እየሰራ የሚማር ሰልጣኝ፣ ማሰራት አለበት። ሰራተኛውን የጠቀመ ህግ ነው። መጥፎ ጎኑንም ልንገርህ። መንገዱ ሩቅ ነው፣ ከንጋት በፊት ትወጣለህ። ፕሮጀክቱ ሲያልቅ ሌይኦፍ አለ፣ ስለዚህ ለክፉ ቀን የሚሆን ገንዘብ ማስቀመጥ የግድ ነው። ሙቀቱን አንተም ታውቀዋለህ፣ በጁላይ 2024 እዚህ 120 ፋራናይት ገብቷል። ውሃ፣ ጥላና እረፍት የማይሰጥ አለቃ ካጋጠመህ አትታገስ፣ ስቴቱ ከ2025 ጀምሮ ከ10 በላይ ሰራተኛ ያላቸው አሰሪዎች በጽሁፍ የሙቀት መከላከያ እቅድ እንዲኖራቸው የሚያስገድድ ደንብ አለው።

እኔ አንተን ብሆን በደብልዩ-2 የሚከፍል የገጠማ ስራ ፈልጌ እጀምርና በዚያው ሳምንት ለኤሌክትሪሽያን አፕሬንቲስ አመለክታለሁ። ቬጋስ ላይ የኤሌክትሪሽያኖች ማህበር (ዩኒየን) የሆነው የአይቢኢደብልዩ ሎካል 357 አለ። ፕሮግራሙ 5 ዓመት ነው፣ እየሰራህ እየተከፈለህ ትማራለህ፣ ደሞዝህም በየደረጃው ይጨምራል። 5 ዓመት ረጅም መስሎህ እንዳትፈራ፣ ኡበር ላይም ጊዜው ማለፉ አይቀርም። መግቢያ ፈተናው አልጀብራና ንባብ ነው። እዚህ ላይ የኛ ልጆች ጥሩ ነን፣ 9ኛና 10ኛ ክፍል የተማርነው ሂሳብ ትንሽ ከተከለሰ ይበቃል።

ብዙ ሰው የሚዘገየው በወረቀት ነው። የሃይስኩል ዲፕሎማና አልጀብራ ማለፍህን የሚያሳይ ማስረጃ ይጠይቁሃል፣ ያንተ ደግሞ ያለው አገር ቤት ነው። ትምህርት ቤት ሄዶ ትራንስክሪፕት ማስወጣት፣ ማህተም ማስመታት፣ ከዚያ ልኮ እዚህ ማስገምገም ወራት ይፈጃል። ዛሬውኑ ለቤተሰብ ደውልና አስጀምራቸው።