ድንጋይን ለጠረባ ማሞቅ፦ የአንባቢያን ጥያቄና መልስ

ጥያቄ፦ ከቦርከና ዳር የለቀምኳቸውን ነጣ ያሉና ቢጫማ ካልሲዶኒዎች (ጠንካራ የሲሊካ ድንጋዮች) ጠረባው፣ ማለትም እየሸረፉ ስለታም መሣሪያ ማውጣቱ፣ እንዲቀለኝ ብዬ የከሰል ምድጃ ላይ አስቀመጥኳቸው። ግማሾቹ ፈነዱ፤ የተረፉትም ላያቸው ላይ ክብ ክብ ጎድጓዳ ጠባሳ አወጡ። ጥፋቱ የድንጋዩ ነው ወይስ የአሠራሩ? (ከኮምቦልቻ)

መልስ፦ የአሠራሩ ነው። ካልሲዶኒ ደረቅ ቢመስልም በጥቃቅን ቀዳዳዎቹ ውኃ ይይዛል፤ ከወንዝ የወጣው ደግሞ ይብስበታል። ውኃ ኮምቦልቻ ላይ በ94፣ ደሴ ላይ በ92 ዲግሪ ገደማ ይፈላል። ሙቀቱ ከዚያ በላይ በአንድ ጊዜ ሲዘል እንፋሎቱ መውጫ ያጣል፤ ላዩም ከውስጡ ቀድሞ ይለጠጣል። ያዩዋቸው ክብ ጠባሳዎች የዚሁ ምልክት ናቸው።

ድቡልቡሉን ድንጋይ እንዳለ አያሙቁት፤ በመዶሻ ይፍለጡትና ውፍረቱ ከ2 ሴንቲ ሜትር የማይበልጥ ፍላጭ ያውጡ። እያንዳንዱን መታ አድርገው ያዳምጡ። ጥርት ያለ ድምፅ ካለው ደህና ነው፤ ድምፁ ከታፈነ ውስጡ ተሰንጥቋልና ይተዉት። ከእያንዳንዱ ድንጋይ አንድ ስባሪ ሳይሞቅ ያስቀሩ፤ በኋላ ለማመሳከር ያስፈልግዎታል።

ሥራው የሚበላሸው ብዙውን ጊዜ ማድረቁ ላይ ነው። ፍላጮቹን ለቀናት ፀሐይ ላይ ያቆዩ፤ ከዚያም በደረቅ አሸዋ የተሞላ ድስት ውስጥ ቀብረው ከምድጃ ዳር ከ80 እስከ 90 ዲግሪ ሙቀት ቢያንስ አንድ ቀንና ሌሊት ያሳድሩ። አሸዋውንም አስቀድመው ቆርቆሮ ላይ ይቁሉት፤ እርጥብ አሸዋ ራሱ እንፋሎት ያመጣል።

ለማሞቂያው ደጅ ላይ 30 ሴንቲ ሜትር ያህል ጉድጓድ ይቆፍሩ። የከሰል ጭስና ጋዝ አደገኛ ስለሆነ ቤት ውስጥ ፈጽሞ አይሞክሩት። ከታች 5 ሴንቲ ሜትር አሸዋ፣ በላዩ እርስ በርስ የማይነካኩ ፍላጮች፣ እንደገና 5 ሴንቲ ሜትር አሸዋ ያድርጉ። ሙቀት መለኪያ ሽቦ ያለው መልቲሜትር ካገኙ ጫፉን ድንጋዮቹ መካከል ይቅበሩት። ከሰሉን ከላይ በስሱ ይጀምሩ። ሙቀቱ በሰዓት ከ25 እስከ 30 ዲግሪ ብቻ ይጨምር፤ ከፈጠነ ፍሙን በአካፋ ይግፉት። 250 አካባቢ ሲደርስ አራት ሰዓት ያህል እዚያው ያቆዩት፤ ከዚያም አመድ አልብሰው እስከ ማግስቱ አይንኩት። አሸዋው በእጅ የሚያዝ እስኪሆን ድረስ መክፈት የለም፤ ለብርድ የተጋለጠ ትኩስ ድንጋይ ይሰነጠቃልና። በክረምት መሬቱ ስለሚረጥብ ጉድጓዱን ትተው ወፍራም የብረት ድስት ይጠቀሙ።

ቢጫው ወደ ቀይ ቢለወጥ አይታለሉ፤ በውስጡ ያለው የብረት ማዕድን መለወጡን ብቻ ነው የሚያሳየው። ድንጋዩ መብሰሉን ለማወቅ አንድ ጫፍ ሸርፈው ካስቀሩት ስባሪ ጋር ያስተያዩ። ከሙቀት በፊት የተሰበረው ደብዛዛ ነው፤ በደንብ የሞቀው አዲስ ስብራት ቅባት የነካው ያህል ያብለጨልጫል። ሙቀቱ ድንጋዩ የተሠራባቸውን ጥቃቅን የሲሊካ ቅንጣቶች ይበልጥ ስለሚያያይዛቸው ስብራቱ በዙሪያቸው ሳይሆን ቅንጣቶቹን ራሳቸውን ሰንጥቆ ያልፋል። ለውጥ ካላዩ በሌላ ጊዜ 20 ዲግሪ ጨምረው ይድገሙት። 400 ዲግሪ ያለፈ ግን ተሰባሪ ሆኖ ይቀራል፤ መመለሻ የለውም።

ጥያቄ፦ የቤቴ ኦቨን እስከ 250 ዲግሪ ይደርሳል። ይበቃል? መብራት መሀል ላይ ቢጠፋስ? (ከደሴ)

መልስ፦ ለካልሲዶኒና ለአጌት (ዥንጉርጉር ለሆነው የካልሲዶኒ ዓይነት) ይበቃል፤ ከከሰሉም የተሻለ ነው። ፍላጮቹን ብረት ድስት ውስጥ በአሸዋ ይቅበሩ። የኦቨን ቁልፍ የሚያሳየው ቁጥር ብዙ ጊዜ ትክክል ስላልሆነ ሌላ ቴርሞሜትር ያስገቡ።

መብራት ሲጠፋ በሩን አይክፈቱ። አሸዋው ሙቀቱን ቀስ ብሎ ስለሚለቅ ድንጋዩ አይጎዳም። ጉዳቱ መብራቱ ሲመለስ ነው፦ ቁልፉ 250 ላይ ከተተወ የቀዘቀዘውን ድንጋይ በሙሉ ኃይል ያሞቀዋል። እንደጠፋ ወዲያው ቁልፉን ወደ ዜሮ ይመልሱ፤ ሲመጣ ቴርሞሜትሩ ካለበት ተነስተው እንደገና ቀስ ብለው ይጨምሩ። የኤሌክትሪክ ምጣድን ግን አንመክርም። ከታች ብቻ ስለሚያሞቅ የድንጋዩ አንድ ጎን ይቀድማል፤ ከባድ ድስት ሲጫነውም ሸክላው ሊሰነጠቅ ይችላል።

ጥያቄ፦ ባልጩትና የደላንታ ኦፓልስ? (ከደሴ)

መልስ፦ ሁለቱንም አያሙቁ። ጥቁሩ ባልጩት የእሳተ ገሞራ መስታወት ስለሆነ ሳይሞቅም ለስልሶ ይሰበራል። ኦፓል ውኃን በውስጡ የያዘ ድንጋይ ነው፤ ሙቀት ያደርቀዋል፣ ይሰነጥቀዋልም። የወሎ ኦፓል ዋጋው ደግሞ በጌጥነቱ ነው።

ጥያቄ፦ የጠረባውን ስብርባሪ የት ልጣለው? (ከኮምቦልቻ)

መልስ፦ ሲጠርቡ ደጅ ላይ ይሁኑ፤ የሲሊካ ብናኝ ሳንባ ይጎዳል። የዓይን መከላከያ ያድርጉ፣ ጭንዎ ላይ ወፍራም ቆዳ ያንጥፉ፣ ከሥርም ሸራ ዘርግተው ስብርባሪውን ሁሉ ይሰብስቡ። ሜዳ ላይ ወይም ወንዝ ዳር አይበትኑት፤ ነገ የሚያገኘው አርኪዮሎጂስት የጥንት ሰው ሥራ ሊመስለው ይችላል። ጓሮዎ ውስጥ ከተሰባበረ ጠርሙስ ጋር ደባልቀው በጥልቀት ይቅበሩት።