ነዋሪው ከዩኒቨርሲቲ መድረክ ለምን ይቀራል?

ጥያቄ፦ ዩኒቨርሲቲያችን በባህልና በአካባቢ ጥበቃ ላይ ለሕዝብ ክፍት የሆኑ መድረኮችን ያዘጋጃል። አዳራሹን የሚሞሉት ግን ተማሪዎችና መምህራን ብቻ ናቸው። ምን እናድርግ?

መልስ፦ አብዛኛውን ጊዜ ሰውን የሚመልሰው በሩ ነው። ጥበቃው መታወቂያ ጠይቆ «ማን ጋ ነው የመጡት?» ሲላቸው አንድ አዛውንት መልስ ያጣሉ። ስለዚህ የጥበቃ ኃላፊው ከሁለት ቀን በፊት በደብዳቤ ይወቅ። በዕለቱም ከ45 ደቂቃ በፊት ጀምሮ በሩ ላይ እንግዳ ተቀባይ ይቁም፤ እስከ አዳራሹ ቀስት ይለጠፍ።

ርዕሱንም ይፈትሹት። «የተቀናጀ የተፋሰስ አያያዝ» የሚል ማስታወቂያ የሚጠራው ባለሙያን ነው፤ «ወንዛችን ለምን ደፈረሰ?» ቢባል ግን ሁሉም ያገባኛል ይላል። ከወንዙ የላይኛውና የታችኛው አካባቢ የተቀዳ ውሃ ውስጣቸው በሚታይ ሁለት ጠርሙሶች ጠረጴዛው ላይ ያኑሩ። ደቃቁ አፈር ለሰዓታት ሳይዘቅጥ ስለሚቆይ ልዩነቱ በዓይን ይታያል፤ ከማንኛውም ስላይድ የበለጠ ጥያቄ ያስነሳል።

ንግግሩ ከ20 ደቂቃ አይብለጥ፤ ለውይይት 40 ደቂቃ ይተዉ። የመጀመሪያው ዕድል ለነዋሪ ይሰጥ፤ መምህር ከጀመረ ቃላቱ ይከብዱና ሌላው ዝም ይላል። ማይክሮፎኑም ወደ ጠያቂው ይሂድ እንጂ ጠያቂው ወደ ማይክሮፎኑ አይጠራ። ባህል ነክ መድረክ ከሆነ ደግሞ ካሜራ ከመከፈቱ በፊት የባህሉን ባለቤቶች ያስፈቅዱ።