መልስ፦ በኢሊያድ (በሆሜር ጥንታዊ የግሪክ ግጥም) እንቅልፍን በሚገልጸው «ኔዱሞስ» በሚለው ቃል ውስጥ ያለው «ን» ከየት መጣ?

የጠየቁት «ን» የቃሉ አይደለም፤ ከቃሉ በፊት ከሚመጣው ግስ የተወሰደ ነው።

በሁለተኛው መጽሐፍ 2ኛ መስመር የአማልክቱን አለቃ ዜውስን እንቅልፍ እንዳልያዘው ሲነገር የምናነበው «ኤኬ ኔዱሞስ» («ኤኬ» ‘ያዘ’ የሚለው ግስ ነው) ቀድሞ «ኤኬን ኤዱሞስ» ነበር፤ «ኤዱሞስ» ጣፋጭ ማለት ነው። ቃሉ በጥንት ዘመን በ«ው» ድምፅ ይጀምር ስለነበር፣ የአዮንያ (የጥንት ግሪኮች አንዱ ክፍል) ዘማሪዎች ይህ ድምፅ ከአነጋገራቸው ሲጠፋ የተጋጩትን ሁለት አናባቢዎች ለመለየት በግሱ መጨረሻ «ን» ጨመሩ። ግጥሙ የሚተላለፈው በጆሮ ነበርና፣ የቃላቱን ድንበር ያልለየ ተከታይ ዘማሪ «ን»ን ወደ ቀጣዩ ቃል አሻገራት፤ አዲሱ ቃልም ራሱን ችሎ ቀረ።

በዘጠነኛው መጽሐፍ 64ኛ መስመር ጦርነትን የሚገልጸው «ኦክሩዮኤንቶስ» (አስፈሪ) የሚለው ቃልም እንዲሁ ነው፤ መነሻው «ኦ» ከፊቱ ካለው ቃል ጥንታዊ የአገናዛቢ መድረሻ «-ኦኦ» ተቆርጦ የቀረ ነው። ይህ ምሳሌ በእኔ አስተያየት ከመጀመሪያውም ይልቅ ግልጽ ነው።

ነገር ግን ይህን መፍትሔ ለእያንዳንዱ እንግዳ ቃል እንዳይጠቀሙበት አደራ እላለሁ። ከልምዴ የምቀበለው ያልተዛባው ቅርጽ በሌላ ቦታ ሲገኝ (ለምሳሌ «ኤዱሞስ» ሄርሜስ ለተባለው አምላክ በተደረሰው መዝሙር፣ «ክሩዮኤይስ» በኢሊያድ አምስተኛ መጽሐፍ) እና ወደ መስመሩ ሲመለስ የስንኙን ምጣኔ የማይሰብር ሲሆን ብቻ ነው።