ለዋልካ፣ ለቁልቁለት፣ ለሰፊ እግር፦ የመሮጫ ጫማ ጥያቄና መልስ

ስለ መሮጫ ጫማ ጠይቁኝ ካልኩ ወዲህ ጥያቄው ከደብረ ብርሃን፣ ከእነዋሪ፣ ከደብረ ሲና፣ ከመንዝ፣ ከሸዋ ሮቢት እየመጣ ነው። አብዛኛው ሰው «የትኛው ብራንድ ይሻላል?» ይላል። እኔ መጀመሪያ ማወቅ የምፈልገው ሌላ ነው። እግራችሁ ምን ዓይነት ነው? ብዙ ጊዜ የምትሮጡበት መሬትስ? እነዚህ ሁለቱ ከታወቁ ብራንዱ መጨረሻ ላይ ይደረስበታል።

ጠዋት ጠዋት የምሮጠው ደብረ ብርሃን ዙሪያ ነው። ትንሽ አስፋልት፣ ትንሽ ኮረኮንች፣ ከዚያ ሜዳ። ሁለት ጫማ የመግዛት አቅም የለኝም። አንዱ ይበቃኛል?

ይበቃሃል። ሶሉን ገልብጠህ ጥርሱን እይ። የጥርሱ ርዝመት ከ3 እስከ 4 ሚሊ ሜትር የሚሆን፣ ጥርሶቹም ተቀራርበው የተሠሩ ጫማ ኮረኮንቹንም ሜዳውንም ይይዛል፤ አስፋልት ላይም አይጎረብጥም። ረጅም ጥርስ አስፋልት ላይ ቶሎ ያልቃል። ለአስፋልት ብቻ የተሠራው ልሙጥ ሶል ደግሞ በኅዳር ጠዋት ውርጭ የወረደበት ሣር ላይ ያንሸራትትሃል።

እነዋሪ ነኝ። ክረምት ሲገባ ዋልካው ጫማዬ ላይ እየተለጠፈ እግሬን ማንሳት ያቅተኛል። ጥርሱ ትልልቅ የሆነ ጫማ ገዛሁ፤ ጭራሽ ባሰብኝ። ለምን?

ይህን ጥያቄ ስለጠየቅከኝ ደስ ብሎኛል፤ ብዙ ሰው ገንዘቡን የሚያባክነው እዚህ ላይ ነው። የጥርሱ ርዝመት ብቻውን አይበቃም። ወሳኙ በጥርስና በጥርስ መካከል ያለው ክፍተት ነው። ጥርሶቹ ረጅም ሆነው ከተጠጋጉ ጭቃው መሃላቸው ገብቶ ይቀራል። ሁለት መቶ ሜትር ሳትሄድ ሶልህ ልሙጥ ይሆናል፣ ክብደቱም ይጨምራል።

ለጭቃ ተብለው የሚሠሩት ጫማዎች ጥርሳቸው ከ5 እስከ 8 ሚሊ ሜትር ነው። ቁጥራቸው ግን ጥቂት ነው፤ ተራርቀውም ይቆማሉ። ጫማው በታጠፈ ቁጥር ጭቃው እየተፈናጠረ ይወድቃል። ሱቅ ውስጥ ስትሆን ትንሿን ጣትህን በጥርሶቹ መሃል አስገባ። በደንብ ካልገባች ያ ጫማ ለዋልካ አይሆንም።

ያም ሆኖ ሐምሌና ነሐሴ ላይ የአገርህን የጅሩን ዋልካ ሙሉ በሙሉ የሚያሸንፍ ጫማ የለም። ዋልካ ውሃ ሲጠጣ ያብጣል፣ ይጣበቃል። በእነዚያ ወራት ሣር የያዘውን ዳር ዳሩን ወይም የጠጠር መንገዱን ብትይዝ ይሻላል። በጋ ላይ ደግሞ መሬቱ ይሰነጠቃል። ስንጥቁ ውስጥ የገባ እግር ቁርጭምጭሚቱ ይጠመዘዛል። ስለዚህ ለዋልካ አገር ወፍራምና ከፍ ያለ ሶል አልመክርም። እግር ወደ መሬት በቀረበ መጠን የመጠምዘዝ ዕድሉ ይቀንሳል።

ከጣርማ በር ወደ ደብረ ሲና ቁልቁል ስወርድ የአውራ ጣቴ ጥፍር ይጠቁራል። ጫማው ግን ልኬ ነው።

እህቴ፣ ልክሽ የሆነው ቆመሽ ስትለኪው ነው። ቁልቁለት ላይ እግር ወደ ፊት ይንሸራተታል። ሩጫው ሲረዝም ደግሞ ያብጣል። ከረጅሙ ጣትሽ ፊት የአውራ ጣት ስፋት ያህል ባዶ ቦታ መኖር አለበት። ረጅሙ ጣት ሁልጊዜ አውራ ጣት አይደለም፤ የብዙ ሰው ሁለተኛ ጣት ይበልጣል። ጫማም ጠዋት ሳይሆን ከሰዓት በኋላ፣ በምትሮጪበት ካልሲ ለኪ።

ሌላ ጫማ ከመግዛትሽ በፊት ግን አስተሳሰርሽን ቀይሪ። ከላይ፣ ቁርጭምጭሚት አጠገብ፣ ብዙ ሰው የማይነካው አንድ ትርፍ ቀዳዳ አለ። ክሩን በዚያው ጎን ወደ ውስጥ አስገቢና ትንሽ ቀለበት ተዪ። በሌላውም ጎን እንዲሁ። ከዚያ የግራውን ክር በቀኙ ቀለበት፣ የቀኙን በግራው አሳልፊ። ወደ ታች ሳብ አድርገሽ እሰሪው። ተረከዝሽ ከኋላ ይያዛል፤ ጣቶችሽ ከፊት አይጋጩም። ጥፍርሽንም አሳጥሪ። መንገዱ ሹል ድንጋይ የሚበዛበት ከሆነ ደግሞ በሶሉ መሃል ድንጋይ የሚከላከል ጠንካራ ዝርግ ነገር የገባበትን ጫማ ፈልጊ።

እግሬ ከፊት ሰፊ ነው። 42 ይጠበኛል፤ 43 ሳደርግ ተረከዜ ይወልቃል። ምን ላድርግ?

43 በዋናነት የጨመረልህ ርዝመት ነው። አንተ የምትፈልገው ስፋት ነው። የጫማውን የውስጥ ንጣፍ አውጣና መሬት ላይ አድርገህ በላዩ ቁም። ትንሿ ጣትህ ከጠርዙ ውጭ ከወጣች ያ ጫማ ያንተ አይደለም። «ሲደረግ ይለቃል» የሚልህን ሻጭ አትስማ። እስኪለቅ ድረስ የሚቆስለው ያንተ እግር ነው።

አልትራ የተባለው ብራንድ ከፊት በኩል ጣት እንዲዘረጋ አድርጎ ይሠራል። ኒው ባላንስ አንዳንድ ሞዴሎቹን በተለያየ ስፋት ያወጣል፤ የወንዶች መደበኛው ዲ ነው፣ ቱ ኢ እና ፎር ኢ ሰፋፊዎቹ ናቸው። ሳሎሞን ብዙ ጊዜ ጠበብ ስለሚል ለቀጭን እግር ይስማማል።

አልትራ ካገኘህ ግን ተጠንቀቅ። በአብዛኞቹ ጫማዎቹ ተረከዝና ጣት እኩል ከፍታ ላይ ያርፋሉ። በተለመደው መሮጫ ጫማ ተረከዙ ከ8 እስከ 12 ሚሊ ሜትር ከፍ ይላል። በአንድ ጊዜ ከዚያ ወደዚህ ከዘለልክ ባትህና የተረከዝህ ጅማት ይጎዳሉ፤ በተለይ አቀበት ላይ። በአጫጭር ሩጫ ጀምርና ሳምንታት ወስደህ ተላመደው።

ውስጠ እግሬ ዝርግ ነው። «ልዩ ጫማ ካልገዛህ ትጎዳለህ» ተባልኩ። እውነት ነው?

ብዙዎቻችን ስንሰማው የኖርነው ነገር ነው። ነገር ግን በአሜሪካ ጦር ሠልጣኞች ላይ በተደረጉ ጥናቶች፣ በውስጠ እግራቸው ቅርጽ ጫማ የተመረጠላቸው ሰዎች ጉዳታቸው ይህ ነው በሚባል ደረጃ አልቀነሰም። ስለዚህ ሳያምህ እየሮጥክ ከሆነ ጫማህን አትቀይር። የሚያምህ ከሆነ ሐኪም ይይህ።

ሰልባጅ ልግዛ ወይስ ይቅርብኝ?

መርምረህ ግዛ። ጠፍጣፋ ነገር ላይ አስቀምጠውና ከኋላው ሆነህ ተመልከት። ተረከዙ ወደ አንድ ጎን ካዘመመ የቀድሞው ባለቤት አረጋገጥ ቅርጹን ለውጦታል፤ ተወው። ከዚያ የሶሉን ስፖንጅ በአውራ ጣትህ ጫን። ጥርሱ አዲስ ቢመስልም ስፖንጁ ብዙ ዓመት ተቀምጦ ደርቆ ሊሆን ይችላል። ሙጫውን ደግሞ ዙሪያውን በጥፍርህ ፈልቀቅ እያደረግክ ሞክር።

ቁጥሩ እንዳያሳስትህ። የአሜሪካ፣ የእንግሊዝና የአውሮፓ ቁጥር ይለያያል። ምላሱ ላይ ብዙ ጊዜ በሴንቲ ሜትር የተጻፈ አለ። እቤትህ እግርህን በወረቀት ላይ አስምረህ ለካና ከዚያ ጋር አስተያይ።

መንዝ ጓሳ ላይ ለመሮጥ ውሃ የማያስገባ ጫማ ይሻላል?

ለሩጫ አልመርጠውም። ውሃው በጨርቁ ባይገባ በአፉ ይገባል፤ ከገባ በኋላ መውጫ የለውም። እርጥብ ሣር ውስጥ ውሃውን ቶሎ የሚያፈስ ስስ ጨርቅና የሱፍ ካልሲ ይበልጣል። ከ3,200 ሜትር በላይ ያለው ብርድ ግን ቀልድ አይደለም፤ ቆመህ የምትቆይ ከሆነ ደረቅ ካልሲ ያዝ።

ሸዋ ሮቢት ነኝ። እሾህ አስቸገረኝ።

ቆላ ላይ የሚያስተነፍስ የላይኛ ክፍል፣ ከሥር ግን ጠንካራ ሶል ፈልግ። ለስላሳ ስፖንጅ ብቻ የሆነውን የግራር እሾህ ይበሳዋል።

የስፖርት መምህር ነኝ። ተማሪዎቼ በላስቲክ ጫማ፣ አንዳንዶቹም በባዶ እግር ይሮጣሉ። ልከልክላቸው?

አይከልክሏቸው፣ መምህር። አበበ ቢቂላ በዚሁ በሸዋ፣ ጃቶ በምትባል መንደር ነው የተወለደው። እ.ኤ.አ. በ1960 ሮም ላይ የተመቸው ጫማ ስላላገኘ በባዶ እግሩ ሮጦ በ2 ሰዓት ከ15 ደቂቃ ከ16 ሰከንድ አሸነፈ። በ1964 ቶኪዮ ላይ ጫማ አድርጎ ደገመው። የማይመች ጫማ ከባዶ እግር ይብሳል።

እኔን የሚያሳስበኝ ላስቲኩ ነው። ላብ ይዞ ያስቀራል፣ እግር ውስጡ ይንሸራተታል፣ ውሃ ይቋጥራል። ልጆቹ ንጹሕ ሣር ሜዳ ላይ በባዶ እግራቸው ይሩጡ። ኮረኮንችና ስባሪ ባለበት ቦታ ግን ላስቲኩን በካልሲ ያድርጉት። የመንጋጋ ቆልፍ ክትባታቸውንም ይጠይቁላቸው።

ጫማዬ መቼ ነው የሚጣለው?

በአብዛኛው ከ500 እስከ 800 ኪሎ ሜትር ያገለግላል። ድንጋይ ከበዛ ያጥራል። ሳትለፋ ጉልበትህንና ባትህን ማመም ከጀመረህ ስፖንጁ አልቆ ሊሆን ይችላል። ዕድሜውን ለማርዘም ከፈለግክ እሳት ዳር አታድርቀው፤ ሙጫው ይለቃል። ጭቃውን እጠብ፣ ንጣፉን አውጣ፣ ውስጡን ጋዜጣ ጠቅጥቀህ ጥላ ላይ አስቀምጠው። ጋዜጣው ሲርስ ቀይርለት።